ኔፋታፍል፦ የቫይኪንጎችን የከበባ ጨዋታ ሠርቶ መጫወት

ቼዝ ወደ ሰሜን አውሮፓ ከመዝለቁ በፊት ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና አይስላንድ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚጫወተው ኔፋታፍልን ነበር። ሁለት ተጫዋቾች ይቀመጡበታል፤ ጦራቸው ግን እኩል አይደለም። አንዱ አንድ ንጉሥና 12 ወታደር ይዞ ከሰሌዳው መሀል ይነሣል። ሌላው ንጉሥ የለውም፤ 24 ወታደር ይዞ ከአራቱም ዳር ከብቦ ይጀምራል። የመሀሉ ንጉሡን ወደ ማዕዘን አድርሶ ለማስመለጥ ይጫወታል፣ የዳሩ ደግሞ ንጉሡን ለመያዝ። ሁለቱ የሚያስቡት ነገር ፈጽሞ ስለሚለያይ አንዱን ወገን አሳምሮ የተጫወተ ሰው ሌላውን ሲይዝ እንደ አዲስ ይማራል። የጨዋታው ጣዕም ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ከቫይኪንጎች፣ ማለትም ከጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ዘመን ተጽፎ የቆየ ሙሉ ደንብ የለም፤ ጠጠሮቹ ግን በየመቃብሩ ተገኝተዋል። በስዊድን ቢርካ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከነጦር መሣሪያዋ የተቀበረች ሴት አጠገብ ሙሉ የጨዋታ ጠጠር ተቀምጦ ነበር፤ ሴት መሆኗ በዲኤንኤ ምርመራ የታወቀው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ አጨዋወቱ የተሻለው ማስረጃ የመጣው ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ከካርል ሊኔየስ ነው። በ1732 እ.ኤ.አ. በሰሜን ስካንዲኔቪያ ያለውን ላፕላንድን ሲዞር የአገሬው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚ ሰዎች ታብሉት የሚሉትን ባለ 9 በ9 ሰሌዳ ሲጫወቱ አይቶ ደንቡን በማስታወሻው አሰፈረ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው ደንቦች ከዚህና ከመሰል ማስረጃዎች ተነሥተው የተስተካከሉ ናቸው። እዚህ የምናሳየው የኮፐንሃገን ደንብ የሚባለውን፣ ባለ 11 በ11 ሰሌዳውን ነው። ሌሎቹ ደንቦች ሳይመልሱ የሚተዉትን ብዙ ጥያቄ ይመልሳል፤ ለጠብም ቀዳዳ አይተውም።

ሰሌዳውንና ጠጠሮቹን መሥራት

የሚያስፈልገው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ካርቶን፣ ማስመሪያ፣ ማርከር፣ 36 ቆርኪ፣ አንድ የሃይላንድ ክዳንና ጥቂት የጥፍር ቀለም ነው።

1. ከካርቶኑ አራቱም ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ተዉ። የሚቀረውን 44 በ44 ቦታ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ አስምሩት። 12 መስመር ቁልቁል፣ 12 መስመር አግድም ሲሰመር 121 ቤት ይወጣል። ቆርኪ ወርዱ 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቤቱን ከ4 አታሳንሱ፤ ጠበብ ካለ ጠጠሮቹ ይገፋፋሉ፣ ጣት ሲያነሣ አጠገቡ ያለውን ያፈናቅላል።

2. የመሀሉን ቤትና አራቱን ማዕዘኖች በመስቀል ምልክት ለዩ። መሀሉ ዙፋን ነው፣ ማዕዘኖቹ መውጫ በሮች ናቸው።

3. በታችኛው ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ ብላችሁ ጻፉ። በግራው ጠርዝ ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 11 ቁጥር አድርጉ። እንዲህ ከሆነ ዙፋኑ ረ6 ነው፤ ማዕዘኖቹ ሀ1፣ ሀ11፣ ተ1 እና ተ11 ናቸው። እየተነጋገራችሁ የምትጫወቱ ከሆነ «ሃሌታው ሀ» እና «ሐመሩ ሐ»፣ «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ» ብላችሁ ለዩ፤ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ያምታታሉ።

4. ከቆርኪዎቹ 12ቱን በጥፍር ቀለም ቀቡ፤ እነዚህ የንጉሡ ጠባቂዎች ናቸው። ያልተቀቡት 24 አጥቂዎች ናቸው። የሃይላንዱ ክዳን ከፍ ስለሚል ለንጉሡ ይሆናል። እንደ ዳማ አንዱን ወገን ገልብጦ መጫወት ይቻላል፤ ግን አንድ ቆርኪ በእጅ ተነክቶ ሲገለበጥ የማን እንደነበረ ጭቅጭቅ ይነሣል። ከታችም ከላይም መቀባቱ ይሻላል።

አደራደር

ንጉሡ ረ6 ላይ ይቀመጣል። ጠባቂዎቹ በዙሪያው እንዲህ ይሆናሉ፦ ከላይና ከታች ረ4፣ ረ5፣ ረ7፣ ረ8፤ ከግራና ከቀኝ መ6፣ ሠ6፣ ሰ6፣ ሸ6፤ በመሀላቸው ሠ5፣ ሰ5፣ ሠ7፣ ሰ7።

አጥቂዎቹ በየዳሩ ስድስት ስድስት ናቸው። ከታች መ1፣ ሠ1፣ ረ1፣ ሰ1፣ ሸ1 ላይ አምስት፣ ከፊታቸው ረ2 ላይ አንድ። ከላይ በዚያው ዓይነት ከመ11 እስከ ሸ11 እና ረ10። ከግራ ከሀ4 እስከ ሀ8 እና ለ6። ከቀኝ ከተ4 እስከ ተ8 እና በ6። ስትጨርሱ ሰሌዳውን ሩብ ዙር አዙሩት፤ መልኩ ካልተለወጠ አደራደሩ ልክ ነው።

እንዴት ይኬዳል፣ እንዴት ይበላል

አጥቂው ይጀምራል፤ ከዚያ በየተራ አንድ አንድ ጠጠር ይንቀሳቀሳል። ንጉሡን ጨምሮ ሁሉም ጠጠር የሚሄደው አንድ ዓይነት ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ፣ መንገዱ ባዶ እስከሆነ ድረስ የፈለገውን ያህል ቤት። በሰያፍ መሄድ የለም፣ በሌላ ጠጠር ላይ መዝለልም የለም። ዙፋኑና አራቱ ማዕዘኖች ላይ የሚያርፈው ንጉሡ ብቻ ነው። ባዶውን ዙፋን አቋርጦ ማለፍ ግን ለማንም ይፈቀዳል።

የሚበላው ግራና ቀኝ ወይም ላይና ታች በማጣበቅ ነው። የተቃራኒ ጠጠር በአንድ ቀጥታ መስመር በሁለት ጠጠሮቻችሁ መሀል ሲያዝ ከሰሌዳው ይወጣል። ለምሳሌ አንድ ጠባቂ ሐ5 ላይ፣ አንድ አጥቂ ሐ6 ላይ ነው እንበል። ሌላ አጥቂ ሐ4 ላይ ሲያርፍ ጠባቂው ይበላል። ነገር ግን ያ ጠባቂ ራሱ ሄዶ በሁለት አጥቂዎች መካከል ቢቆም አይበላም፤ የሚበላው ተቃራኒው ተንቀሳቅሶ ሲዘጋበት ብቻ ነው። ጀማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚሳሳቱት ይህን ነው። ሰው በሁለት ጠላት መሀል ገብቶ መቆሙ ብዙ ጊዜ ጥሩ ጨዋታ ሆኖ ሳለ፣ ይበላል ብለው ጠጠሩን ያነሡታል።

አንድ ጠጠር በአንድ እንቅስቃሴ በሁለትና በሦስት አቅጣጫ የተቃራኒ ጠጠሮችን ሊበላ ይችላል። መብላት ግዴታ አይደለም። ንጉሡም እንደ ወታደሮቹ ከጠባቂ ጋር ተጋግዞ አጥቂ ይበላል።

ማዕዘኖቹ ለሁለቱም ወገን ጠላት ናቸው፤ ጠጠራችሁ ለ1 ላይ ቆሞ ተቃራኒው ሐ1 ላይ ሲያርፍ፣ ሀ1 እንደ ሁለተኛ ጠጠር ስለሚቆጠር ይበላባችኋል። ባዶ ዙፋንም እንደዚሁ ነው። ንጉሡ ከወጣ በኋላ ረ5 ላይ የቀረ ጠባቂ፣ አጥቂ ረ4 ላይ ከመጣ ከዙፋኑ ጋር ተጣብቆ ይበላል። ንጉሡን አውጥቶ ጠባቂዎቹን ዙፋኑ ሥር መርሳት በየጨዋታው የሚታይ ኪሳራ ነው።

የጋሻ ግድግዳ

ዳር ላይ የቆመ አንድ ጠጠር የሚጣበቀው በዳሩ መስመር ከግራና ከቀኝ ብቻ ነው፤ ከጀርባው ቤት የለም። ስለዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው ዳር ላይ ተያይዘው የቆሙ ጠጠሮች በተለመደው መንገድ የሚበሉ አይሆኑም። ለእነሱ ልዩ ሕግ አለ። እያንዳንዳቸው ፊት ለፊታቸው ጠላት ከቆመና ሁለቱም ጫፎች ከተዘጉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበላሉ።

አጥቂዎች መ1 እና ሠ1 ላይ አሉ እንበል። ጠባቂዎች መ2፣ ሠ2 እና ሐ1 ላይ ቆመዋል። ሌላ ጠባቂ ባዶ ወደሆነው ረ1 ሲመጣ መ1 እና ሠ1 አብረው ይወጣሉ። መዝጊያው እንቅስቃሴ ከጫፍ መሆን አለበት። ከጫፎቹ አንዱን ማዕዘን ሊተካው ይችላል፤ ለ1 እና ሐ1 ላይ ያሉት የሚበሉት ከፊታቸው ተይዞ አንድ ጠጠር መ1 ላይ ሲያርፍ ነው። በዚህ ሕግ ከሚያዘው ረድፍ ውስጥ ንጉሡ ካለበት ጠባቂዎቹ ይበላሉ፣ እሱ ግን ይቀራል።

ማን ያሸንፋል

ንጉሡ ማዕዘን ላይ ካረፈ ጠባቂዎቹ አሸነፉ።

ንጉሡ በአራቱም ጎኑ በአጥቂዎች ከተያዘ አጥቂዎቹ አሸነፉ። ከዙፋኑ አጠገብ ከሆነ ሦስት አጥቂዎች ይበቃሉ፤ አራተኛው ዙፋኑ ነው። ንጉሡ ረ5 ላይ ሆኖ አጥቂዎች ረ4፣ ሠ5 እና ሰ5 ላይ ከደረሱ አለቀ። ዳር ላይ የቆመ ንጉሥ አራተኛ ጎን ስለሌለው በዚህ መንገድ አይያዝም።

አጥቂዎቹ ንጉሡንና የቀሩትን ጠባቂዎች በሙሉ አንድም ሳይቀር ዙሪያቸውን ዘግተው ወደ ዳር የሚያደርስ ቀዳዳ ካሳጧቸው፣ ንጉሡ ባይያዝም አሸንፈዋል።

ጠባቂዎቹም ያለ ማዕዘን የሚያሸንፉበት መንገድ አላቸው፤ የዳር ምሽግ ይባላል። ንጉሡ ዳር ላይ ሆኖ የሚንቀሳቀስበት ባዶ ቤት ካለውና ዙሪያውን ያሉት ጠባቂዎች በምንም ዓይነት የማይበሉ ከሆነ ጨዋታው የነሱ ነው። በትንሽ ጠጠር የሚሠራው ይህ ነው፦ ንጉሡ ረ1፣ ሰ1 ባዶ፣ ጠባቂዎች ሠ1፣ ሸ1፣ ረ2 እና ሰ2። አንድ በአንድ ፈትሹት። ረ2 በግራ በኩል ጠላት ቢመጣበት በቀኙ ያለው ሰ2 የራሱ ወገን ነው፤ ከላይ ቢመጣበት ከታቹ ንጉሡ አለ። ሰ2 ከላይ ቢነካ ከታች ያለው ሰ1 ውስጥ አጥቂ ሊገባ አይችልም። ሠ1 እና ሸ1 ደግሞ በውስጥ በኩል የሚያጣብቃቸው የለም። አራት ጠባቂ ይዞ ንጉሡ ረ1 እና ሰ1 መካከል እየተመላለሰ ለዘለዓለም ይኖራል። አጥቂ ሆናችሁ ንጉሡ ከሁለት ሦስት ጠባቂ ጋር ወደ ዳር ሲጠጋ ካያችሁ፣ ምሽጉ ሳይዘጋ አንድ አጥቂ ውስጡ አስገቡ።

መሄጃ ያጣ ተጫዋች ተሸናፊ ነው። ያው የሰሌዳ መልክ እየተደጋገመ ከመጣም ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ድግግሞሹን ያስገደደው ተጫዋች ሌላ መንገድ እንዲፈልግ ከመጀመሪያው ተስማሙ።

አጥቂ ስትሆኑ

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የአጥቂ ሥራ መብላት ሳይሆን መዝጋት ነው። ጠጠሮቹ ብዙ ስለሆኑ የመብላት ጉጉት ይመጣል። አንድ ጠባቂ ለመብላት ከአጥሩ የወጣ አጥቂ ግን ከኋላው የሚተወው ክፍት መስመር ንጉሡን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሰዋል።

የሚዘጋው በሰያፍ ነው። ጠጠር ሁሉ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ በሰያፍ የተያያዙ አጥቂዎችን ማንም አያልፋቸውም። በዚህ ላይ አደራደሩ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል። ሀ1 ማዕዘንን ለመዝጋት ሀ4፣ ለ3፣ ሐ2 እና መ1 መያዝ አለባቸው፤ ሀ4 እና መ1 ከመነሻው ተይዘዋል። ረ2 ላይ ያለውን ወደ ሐ2፣ ለ6 ላይ ያለውን ወደ ለ3 ስትወስዱ በሁለት እንቅስቃሴ ማዕዘኑ ተዘጋ። ከነዚህ አራቱ አንዳቸውም አይበሉም፤ እያንዳንዳቸውን ለማጣበቅ አንዱ ጠባቂ ከአጥሩ ውስጥ መቆም አለበት፣ ወደዚያ የሚያስገባ መንገድ ደግሞ የለም። ተቃራኒው ማዕዘን ተ11 በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋል፦ ከረ10 ወደ ቀ10፣ ከበ6 ወደ በ9።

የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች አራት አራት እንቅስቃሴ ይፈልጋሉ። ለሀ11፣ ከሠ11 ወደ ሠ10፣ ከዚያ ወደ ሐ10፤ ከሀ7 ወደ ለ7፣ ከዚያ ወደ ለ9። ለተ1፣ ከሰ1 ወደ ሰ2፣ ከዚያ ወደ ቀ2፤ ከተ5 ወደ በ5፣ ከዚያ ወደ በ3። ሁሉም ባንድ ላይ 12 እንቅስቃሴ ነው፣ 16 አጥቂ ይይዛል፣ ስምንት ነፃ ይቀራል።

ይህን ግን ዓይንን ጨፍኖ መሥራት አይገባም። እናንተ 12 ጊዜ ስትንቀሳቀሱ ተቃራኒውም 12 ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ያ ጊዜ ለዳር ምሽግ ይበቃዋል። የሚሻለው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማዕዘኖች በአራት እንቅስቃሴ ዘግቶ፣ ንጉሡ በየት በኩል እንደሚከፍት አይቶ፣ ያንኑ ወገን ማስቀደም ነው። የጀመራችሁትን ማዕዘን ግን ሳትጨርሱ አትተዉ። ሐ2 ላይ ለብቻው የቆመ አጥቂ ለ3 እስኪመጣለት ድረስ ሊበላ ይችላል።

ጠባቂ ስትሆኑ

በመነሻው አደራደር ንጉሡ በራሱ ሰዎች ታፍኗል። አጠገቡ ያሉት አራቱ ጠባቂዎችም መንቀሳቀስ አይችሉም። አንድ የውጭ ጠባቂ ይወጣል፣ ቀጥሎ አንድ የውስጥ ጠባቂ ቦታውን ይለቃል፣ ንጉሡ የሚነቃነቀው ቢፈጥን በሦስተኛው ተራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተራዎች በየት በኩል እንደምትከፍቱ ወስናችሁ ተጫወቱ። በአራቱም አቅጣጫ ትንሽ ትንሽ መክፈት ለአጥቂው ጊዜ መስጠት ነው።

ማዕዘን ካልተዘጋ ንጉሡን ዳር ማድረስ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ተመልከቱ። ሀ1 ክፍት ሆኖ ንጉሡ ሐ1 ላይ ቢያርፍ በሚቀጥለው ተራ ወጥቷል። አጥቂው የሚያድነው ለ1 ውስጥ ጠጠር ማስገባት ብቻ ነው፤ ወደ ለ1 የሚያስገባው ደግሞ የለ ዓምድ ብቻ ነው። በመነሻው በዚያ ዓምድ ላይ ያለው አንድ አጥቂ፣ ለ6፣ ነው። እሱ ከቦታው ከተነሣ ወይም ጠባቂ መንገዱ ላይ ከቆመበት የሚደርስ የለም። ስለዚህ ንጉሡን ከማሮጥ በፊት ለ6ን የሚጋርድ ጠባቂ ለ ዓምድ ላይ አቁሙ። ለ1 የገባው አጥቂ ወደ ንጉሡና ወደ ማዕዘኑ መሀል ራሱ ስለገባ ወዲያው አይበላም፤ ንጉሡ ተነሥቶ በእሱ ቦታ ሌላ ጠባቂ ሐ1 ላይ ሲያርፍ ግን ይበላል።

ጠባቂዎቻችሁ 12 ብቻ ናቸው፤ አንድ ለአንድ መለዋወጥ አጥቂውን ይጠቅማል። መሥዋዕት የምታደርጉት መስመር የሚከፍት ሲሆን ብቻ ይሁን። ሁለት ሦስት ጠባቂ አጥቂዎቹ አጥር ውጭ አስቀድሞ መላክም ትልቅ ጥቅም አለው። ከውጭ ያለ ጠባቂ አጥሩን ከኋላ ያጣብቃል፣ የዙሪያውን ከበባም ያፈርሳል፤ ከበባው የሚቆጠረው ሁሉም ጠባቂዎች ውስጥ ሲሆኑ ነውና። ንጉሡንም ከዙፋኑ አጠገብ አታዘግዩት፤ እዚያ ሦስት አጥቂ ይበቃዋል፣ ሌላ ቦታ አራት።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትስማሙባቸው

በየአገሩ ደንቡ ስለሚለያይ ሌላ ቦታ የተማረ ሰው ንጉሡ በሁለት አጥቂ ይያዛል፣ ወይም ንጉሡ ራሱ አጥቂ አይበላም፣ ወይም ዳር መድረስ ብቻ ያሸንፋል ሊል ይችላል። አራት ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፦ ንጉሡ በስንት ይያዛል፣ መውጫው ማዕዘን ነው ወይስ ዳር፣ ንጉሡ ራሱ አጥቂ ይበላል ወይ፣ ባዶ ዙፋን ይታለፋል ወይ።

ሁለቱ ወገኖች እኩል ስላልሆኑ በአንድ ጨዋታ አሸናፊ አይታወቅም። ወገን እየተለዋወጣችሁ ሁለት ተጫወቱ። ሁለታችሁም በአንዱ ወገን ካሸነፋችሁ በጥቂት እንቅስቃሴ የጨረሰው ይብለጥ። ጀማሪዎችን አንዱ ጨዋታ አንድ ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል።

ያ የበዛባቸው በትንሹ ሰሌዳ፣ በአየርላንዱ ብራንዱቭ ይጀምሩ። በ1932 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ባሊንደሪ 7 በ7 ቀዳዳ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ተገኝቷል፤ ብራንዱቭ ዛሬ የሚጫወቱት በዚያ ልክ ነው። ከላይ የሠራችሁት ሰሌዳ ላይ ከሐ እስከ ቀ፣ ከ3 እስከ 9 ያለውን በክር ከልሉ፤ ዙፋኑ ያው ረ6 ነው፣ ማዕዘኖቹ ሐ3፣ ሐ9፣ ቀ3 እና ቀ9 ይሆናሉ። ጠባቂዎቹ አራት ናቸው፦ ረ5፣ ረ7፣ ሠ6፣ ሰ6። አጥቂዎቹ ስምንት፦ ረ3፣ ረ4፣ ረ8፣ ረ9፣ ሐ6፣ መ6፣ ሸ6፣ ቀ6። የጋሻ ግድግዳውንና የዳር ምሽጉን ተዉት፤ የቀረው ደንብ እንዳለ ይሠራል። እዚህ አንድ ጠባቂ መበላቱ ወዲያው ስለሚያስታውቅ፣ ማጣበቅንና በሰያፍ መዝጋትን ቶሎ ያስተምራል።